ለማሳከኩ የሚሰጠው መድኃኒት

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ብዙ እህቶች ለመናገር የሚያፍሩበትን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። መነሻችን አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ ነው። ያላገባች የ19 ዓመት ልጃቸው ብልቷን እያሳከካት፣ ነጭ ፈሳሽም እየወጣት ለብዙ ቀን ደብቃ ቆይታ በመጨረሻ ለታላቅ እህቷ ትነግራታለች። ነገሩ ወደ እናት ጆሮ ሲደርስ መጀመሪያ ያሰቡት መጥፎውን ነው። ልጅቷም የእናቷን ፊት አይታ ዳግመኛ ላታነሳው ወሰነች፤ ከጎረቤት ያገኘችውን ትርፍ ቅባት በድብቅ ስትቀባ ሰነበተች።

እኚህን እናት እናረጋጋቸው። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በጤነኛ ሴት ብልት ውስጥም ያለ ጉዳት ይኖራል። ችግር የሚፈጥረው ከመጠን በላይ ሲራባ ነው። ለሳል ወይም ለቁስል የተወሰደ አንቲባዮቲክ ፈንገሱን የሚገቱትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲገድል፣ የስኳር በሽታ ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን፣ በእርግዝና ጊዜ፣ ወይም የሰውነት የመከላከል አቅም ሲዳከም ይነሳል። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚይዛቸው ይገመታል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፉ በሽታዎች አይመደብም፤ ስለዚህ ድንግል ልጅንም ይይዛል። ባሎችም ይህን ልብ በሉ፤ በዚህ ፈንገስ የተነሳ በሚስቱ ላይ ጥርጣሬ የሚያሳድር ሰው በደል ይፈጽማል። ባልየው ራሱ የሚያሳክክ ሽፍታ ካልወጣበት በቀር መታከምም አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ የሚያሳክክ ሁሉ ፈንገስ አይደለም። የፈንገሱ ፈሳሽ እንደ አይብ የረጋ፣ ነጭ፣ ብዙውን ጊዜ ሽታ የሌለው ነው፤ ብልት ይቀላል፣ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል። ፈሳሹ ግራጫ ሆኖ የዓሣ ሽታ ካለው፣ ወይም ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ከደፈቀ ሌላ በሽታ ስለሆነ የፈንገስ መድኃኒት አይፈውሰውም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ፈንገስ ነው ብለው ራሳቸው መድኃኒት የገዙ 95 ሴቶችን አስመርምሮ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ሲሶ ያህሉ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሳይመረመሩ መድኃኒት መጀመር አይገባም። ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ቁስል ወይም ያለ ወር አበባ የሚፈስ ደም ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ በብዛት የሚታዘዘው ክሎትሪማዞል ነው። በብልት ውስጥ የሚደረገው ኪኒን 500 ሚሊ ግራም ከሆነ አንድ ሌሊት፣ 200 ከሆነ ሦስት ሌሊት፣ 100 ከሆነ ስድስት ወይም ሰባት ሌሊት ነው። ማሳከኩ በሁለተኛው ቀን ቢታገስም የታዘዘውን መጨረስ ያስፈልጋል። ኪኒኑ የሚደረገው እጅን ታጥቦ፣ ሊተኙ ሲሉ ነው፤ ቆመው የሚሄዱ ከሆነ ቀልጦ ይወጣል። ቅባቱና ኪኒኑ ኮንዶምን ሊያላሉት ስለሚችሉ በኮንዶም የሚጠቀሙ ባልና ሚስት በሕክምናው ጊዜና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ቀናት በእሱ አይተማመኑ።

በአፍ የሚዋጠው ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚወሰድ ብዙዎች ይመርጡታል። ቀላልነቱ ግን አያዘናጋ። ነፍሰ ጡር እህት፣ ወይም የወር አበባዋ የቀረባት፣ ይህን መድኃኒት መዋጥ የለባትም። በዴንማርክ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት መድኃኒቱን በወሰዱ ነፍሰ ጡሮች ላይ ውርጃ በዝቶ መታየቱን ገልጿል። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው በብልት የሚደረገው ዓይነት ሲሆን እሱም ለሰባት ሌሊት ነው። ፍሉኮናዞል ከሌሎች መድኃኒቶችም ጋር ይጋጫል፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይንን፣ ለስኳር የሚሰጠውን ግሊቤንክላማይድን ኃይላቸውን ከልክ በላይ ያደርገዋል። የጉበት ወይም የልብ ሕመም ያለባትም አስቀድማ ትናገር። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ወረፋ ሲበዛ «ሌላ የምትወስጂው አለ?» የሚል ላይኖር ስለሚችል፣ ሳይጠየቁ መናገር ነው።

በረመዳን ስለሚደረግ ሕክምናም ብዙ እህቶች ይጨነቃሉ። በብልት የሚገባ መድኃኒት ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ላይ ዑለሞች ተለያይተዋል፤ የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ አያፈርስም ብሏል። ለማንኛውም መድኃኒቱ የሚደረገው በሌሊት ስለሆነ ከክርክሩ መውጣት ይቻላል። ይህ ፈሳሽ የወር አበባም ስላልሆነ ሶላት አያስቀርም፣ ትጥበትም ግዴታ አያደርግም። ስለ ውዱእ አደራረጉ ዓሊም ይጠየቅ። እናታችን አዒሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ሐፍረት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነውና ይህም አያሳፍርም።

አንድ ነገር እንጨምር። ንጽሕና የሚወዱ እህቶቻችን ኢስቲንጃ ሲያደርጉ ወደ ውስጥ ሳሙና፣ ዴቶል፣ አንዳንዴም ሎሚ ይጠቀማሉ። ይህ የሚጠቅመውን ባክቴሪያ አጥቦ ሕመሙን ያብሳል። ከውጭ በኩል ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ከጎረቤት የመጣውን ቅባት ስም ብንጠይቃቸው እናቷ «ቤታሜታዞን» የሚል ከቱቦው ላይ ገልብጠው ላኩልን። ይህ የፈንገስ መድኃኒት አይደለም። ለጥቂት ቀን ማሳከኩን አስታግሶ ፈንገሱን እንዲራባ የሚተው ነው። ልጅቷ ታቁመው። ወደ ጤና ጣቢያ እናትና ልጅ አብረው ይሂዱ፤ ቱቦውንም ይዘውት ይሂዱ። ሴት ባለሙያ ካለች በእሷ መታየት ይጠይቁ። ያላገባች መሆኗን ከተናገረች ወደ ውስጥ በሚገባው ፈንታ የሚዋጠው ወይም ከውጭ የሚቀባው ሊታዘዝላት ይችላል። የሽንት ወይም የደም ስኳርም ቢመረመር መልካም ነው፤ በተለይ ሕመሙ በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ፣ ወይም ሕክምናውን ጨርሳ በሳምንት ውስጥ ካልተሻላት፣ ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ ከመግዛት ይልቅ ምክንያቱ ይፈለግ። ከምርመራው በፊት ግን እናት ልጃቸውን ጠርተው ያን ቀን ስለታየባቸው ፊት ይቅርታ ቢጠይቁ ደስ ይለናል።