ለምንጣፍ የሚዘረጋ እጅ ለልጆች ቲያትር ለምን ይታጠፋል?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ባለፈው ክረምት የመድረሳችን ልጆች ለማጠቃለያው ፕሮግራም አጭር ቲያትር አዘጋጅተው ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ባለሱቅ ሚዛን ያጎድላል፤ ልጁም ከአባቱ አይቶ ጓደኞቹን ማታለል ይጀምራል። ወጣቶቹ ለድምፅ ማጉያ ኪራይና ለልብስ 3,000 ብር ፈልገው ወደ እኔ መጡ፤ ኢማማችንን ስለማግዝ የጀመዓው መዋጮ በእጄ ያልፋል። «አሁን ምንጣፍ እየገዛን ነው፣ ቲያትሩ ይቆየን» ብዬ መለስኳቸው።

የምንጣፉ ገንዘብ በአንድ ጁሙዓ ሞላ። ልጆቹ ግን ያለ ማይክ፣ የአባቶቻቸውን ጋቢ ለብሰው ሠሩት። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች አንድ ነገር ሳይሰሙ ወጡ።

እኔ ከፊት ነበርኩና ሰማሁ። ቁርኣን ሲያስቀሩት እንኳ የሚንተባተብ ልጅ ባለሱቁን ሆኖ ሲናገር አንድም ቃል አልያዘውም። ሚዛን የሚያጎድሉ ሰዎች የተወገዙበትን ሱረቱል ሙጠፊፊንን ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! ያን ቀን ግን አንድ ሕፃን ሲወጣ «አባዬ፣ የኛ ሱቅ ሚዛን ልክ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። በመለስኩት መልስ አፈርኩ።

አንዳንድ ወንድሞች «ቲያትር ለሙስሊም ምኑ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን እናስታውስ። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦር ይጫወቱ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ሲሉ ነቢዩ ተዋቸው አሉ። ወጣቷን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ራሷ እስክትጠግብ ድረስ በኩታቸው ከልለው አሳዩዋት። ሶሓባዎችም በዓሹራ ቀን የጾሙ ልጆቻቸው ምግብ ብለው ሲያለቅሱ ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ እየሰጡ እስከ ኢፍጣር ያቆዩዋቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ቲያትር ነበር እያልኩ አይደለም። የልጅ ጨዋታ ቦታ እንደነበረው፣ ትልልቆችም ጊዜና ድካም እንዳወጡለት ግን ግልጽ ነው።

ድንበር አለው፤ አዎ። ነቢያትን በሰው አካል መወከል የለም። በሰው ብሔር ወይም በአካል ጉዳት መሳቅ የለም። ልምምዱ ሶላት አያሳልፍም። ጽሑፉን ኡስታዝ አስቀድሞ ያየዋል። ድንበሩን ማስጠበቅ የሚችለው ግን አብሯቸው ያለ ሰው ነው። ከሩቅ ቆመን «ሐራም ነው» ብቻ ካልን ልጁ ድራማ ማየቱን አይተውም፤ ስልኩን ይዞ ሌላ ሰው የሠራለትን ያያል።

ገንዘቡስ ከየት? እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ዘካ በሱረቱ ተውባ ቁጥር 60 የተዘረዘሩ 8 ባለመብቶች አሉት፤ የድሃን ዘካ ለመድረክ አናውልም። የምጠይቀው ከሶደቃ ነው። 40 ወጣት በወር 50 ብር ቢያዋጣ 2,000 ብር፣ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። የድምፅ ማጉያ ኪራይ፣ ጨርቅ፣ ካርቶንና ቀለም፣ ከልምምድ በኋላ ለልጆቹ ዳቦና ሻይ ከዚህ ይወጣል። ገንዘብ የሌለው ልብስ ይስፋ፣ ጽሑፍ ያርም፣ ወይም ሲመሽ ልጆቹን ቤታቸው ያድርስ።

አንድ አደራ አለኝ። ሒሳቡን ሁለት ሰው ይያዝ፤ ከእያንዳንዱ ዝግጅት በኋላ የገባውና የወጣው ለጀመዓው ይነበብ። ሰው መስጠት የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ስስት ይዞት ሳይሆን የሰጠው የት እንደደረሰ ስላላወቀ ነው።

ምንጣፍ መግዛት ታላቅ ኸይር ነው፤ አንተወውም። ነገር ግን ነገ በዚያ ምንጣፍ ላይ የሚሰግደው የዛሬው ልጅ ነው። መስጂዱን የሚወደው ደግሞ ዱላና ቁጣ ብቻ ሳይሆን ደስታም ካየበት ነው።

ለዘንድሮው ዝግጅት የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ ከኪሴ ሰጥቻለሁ፤ ያለፈው ዓመት ዕዳዬ ነው። እናንተስ በየሰፈራችሁ ያሉት ልጆች መጥተው ሲጠይቋችሁ ምን ትመልሱላቸዋላችሁ?

አላህ ልጆቻችንን ሷሊሕ ያድርግልን፣ ኒያችንንም ያስተካክልልን። አሚን።