የተማሪዎች ጉባኤና የአዳራሹ ደረጃ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህችን አሳቤን በአንባቢያን ደብዳቤዎች ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ወጣት ተማሪዎች ተሰብስበው ስለ አገራቸው ጉዳይ መምከራቸው፣ ስለ መብትና ስለ ፍትሕ መከራከራቸው የሚያስመሰግናቸው ተግባር ነው። እንዲህ ያለውን ጉባኤ ሲያዘጋጁ አዳራሽ የሚፈቅድላቸው፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው፣ ወንበርና ድምፅ ማጉያ የሚያውሳቸው አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኔ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ነቀፌታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ስለ ተማሪዎች መብት ለሚመክር ጉባኤ አዳራሹን አዋሰ። አዳራሹ የሚገኘው በሦስተኛው ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩም ከተበላሸ ብዙ ወራት አልፎት ነበር። የፈቃዱን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ስሆን ይህንኑ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ይመጣል ብዬ ግን አላሰብሁም። በጉባኤው ዕለት ጧት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ የሕግ ተማሪ መጣ። አራት ጓደኞቹ ከነወንበሩ ተሸክመው አወጡት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ባቀርብለት፥ «ጋሼ፣ ይቅርብኝ፤ መጸዳጃ ቤቱ ወንበሬን እንደማያስገባ ስለማውቅ ስብሰባ ባለ ጊዜ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃም አልጠጣ» አለኝ።

በዚያው አዳራሽ መስማት የተሳናት አንዲት ተማሪም ነበረች። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አልተጠራም። ለውሳኔው ድጋፍ ሲጠየቅ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቿን ተመልክታ እጇን አነሣች። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል። ያን ቃል ባነበብሁ ቁጥር ያፍረኛል።

የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ በሩ ለሁሉ ያልተከፈተ ጉባኤ በሁሉ ስም ሊናገር አይችልም። ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የውሳኔው እውነተኛነት ጉዳይ ነው። ተሸካሚ መገኘቱ ደግነት ሊባል ይችላል። ነገር ግን ሰው በገዛ ራሱ ገብቶ፣ የተባለውን ተረድቶ፣ አሳቡን ተናግሮ፣ ሲሻው ደግሞ ወጥቶ መሄድ ካልቻለ በጉባኤው ተካፈለ ማለት ያስቸግራል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ በፖለቲካና በሕዝብ ጉዳይ ስለ መሳተፍ ይናገራል። የጎደለው ወረቀቱ ሳይሆን ወረቀቱን ከደረጃው ጋር የሚያገናኘው ሰው ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚገለበጥ ለማየት የሌላውን አገር ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በዋሽንግተን የሚገኘው የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተቋቋመ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በመጋቢት ወር የአስተዳደሩ ቦርድ ከቀረቡት ሦስት ዕጩዎች መካከል የምትሰማዋን ብቻ መርጦ ፕሬዚዳንት አድርጎ ቢሾም፣ ተማሪዎቹ የግቢውን በር ዘግተው አንድ ሳምንት ያህል ተቃወሙ። በመጨረሻም የተሾመችው ለቀቀች፤ መስማት የተሳናቸው ዶክተር ኪንግ ጆርዳንም ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያ ግቢ ስብሰባው የሚካሄደው በምልክት ቋንቋ ስለ ነበረ አስተርጓሚ የሚፈልገው የሚሰማው ጋዜጠኛ ሆነ። እንግዲህ በጉባኤ ላይ ማን «ጉዳተኛ» እንደሚሆን የሚወስነው ጉባኤው የተሰናዳበት መንገድ ጭምር ነው ማለት ነው።

«ለአንድና ለሁለት ሰው ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?» የሚሉ አሉ። የሚመጡት ጥቂት የሆኑበት አንዱ ምክንያት ደረጃው ራሱ መሆኑን እንዘነጋለን። አንድ ጊዜ ተዋርዶ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ እኛም ባለመምጣቱ «ፈላጊ የለም» ብለን እንጽፋለን። ስለ ወጪውም ቢሆን፣ የተበላሸ አሳንሰር ማስጠገን በጀትና መለዋወጫ እንደሚጠይቅ አልክድም። ሆኖም ጉባኤውን ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ማዛወር ምን ያስከፍላል? አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላት አንዲት ደረጃም፣ ለአንድ ከፍታ ዐሥራ ሁለት እጥፍ ርዝመት በሚለው በታወቀው ልክ ቢሠራ፣ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ከሰማንያ የሚረዝም መወጣጫ ነው። ይህ የአንድ አናጢ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ስለዚህ ጉባኤ ለሚያዘጋጁ ተማሪዎችና ለሚተባበሯቸው ባልደረቦቼ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

1ኛ/ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ለመሳተፍ ምን ያስፈልግዎታል?» የሚል አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ መልሱም የጥሪው ደብዳቤ ከመበተኑ በፊት ይታይ።

2ኛ/ አዳራሹ ከመፈቀዱ በፊት አንድ ሰው ሄዶ በሩን፣ መተላለፊያውንና መጸዳጃ ቤቱን በሜትር ይለካ።

3ኛ/ ሥራው አድካሚ ስለ ሆነ የሚፈራረቁ ሁለት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ይጠሩ፤ በብርሃንና ሁሉም ሊያያቸው በሚችል ቦታም ይቁሙ።

4ኛ/ ለማየት ለተሳናቸው ጽሑፉ በብሬል፣ ወይም ስልካቸው ሊያነብላቸው በሚችል መልክ አስቀድሞ ይላክ። በመድረክ የሚታየው ሥዕልና ሰንጠረዥ በቃል ይነገር፤ እጅ ተነሥቶ ድምፅ ሲሰጥም ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

5ኛ/ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ። የደረጃውን ነገር ከእነሱ የተሻለ የሚያውቀው የለምና።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ በሚያልፈው የአዳራሽ ፈቃድ ደብዳቤ ላይ አንድ መሥመር መጨመር ጀምሬአለሁ፤ አዳራሹ በስንተኛ ፎቅ እንደሆነና አሳንሰሩ የሚሠራ ወይም የማይሠራ መሆኑን እገልጻለሁ። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን ሁለት ጉባኤዎች ይህችን መሥመር አንብበው ወደ ምድር ቤት ወርደዋል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ የሥራ ባልደረቦቼም በየቢሯቸው እንዲሁ ቢያደርጉ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል አንድ ቀን እውነት ይሆናል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ