ታቱ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ ምን ይገዛ?

እንደሚታወቀው ንቅሳት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት ተነቅሰዋል፤ ግንባራቸው ላይ መስቀል ያላቸው እናቶችም ዛሬም አሉ። አዲስ የሆነው ንቅሳቱ ሳይሆን ቤቱ ነው። ቦሌና አካባቢዋ ውስጥ ታቱ ቤት ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል።

እንዲህ ዓይነት ቤት የሚከፍተው ወጣት ገንዘቡን ከእቁብም፣ ከቤተሰብም፣ ውጭ ካለ ዘመድም አሰባስቦ ነው። የቦሌን ኪራይ ከከፈለ በኋላ እጁ ላይ የምትቀረው ብር ብዙ አይደለችም። ታዲያ በዚያች ብር መጀመሪያ ምን ይግዛ? በእኔ እምነት ከሶፋው፣ ከትልቁ መስታወትና ከቀለም መብራቱ በፊት ደም የሚነካቸው ዕቃዎች መገዛት አለባቸው።

“የቦሌ ሰው ቤቱ ካላማረው መቼ ይገባል?” የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ንግድ ነው። ነገር ግን የታቱ መርፌ ቆዳን ደጋግሞ ይበሳል፤ ደም ይወጣል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ዕቃ ላይ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። የዚህ በሽታ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አልተከተብንም ማለት ነው። ታቱ ቤት የሚሄደውም ይኸው የእኛ ዕድሜ ነው!

ስለዚህ አልጋው ወይም ወንበሩ የሚወለወል፣ ያልተቀደደ የፕላስቲክ ቆዳ የለበሰ ይሁን። ጨርቅ ሶፋ፣ ስፖንጁ የወጣ ወንበር፣ ወለል ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ደምና ቀለም ይመጣል እንጂ አይጸዳም። የዕቃ ማስቀመጫው ጠረጴዛ ብረት ቢሆን ይመረጣል። በአንድ እጅ በረኪና ላይ ዘጠኝ እጅ ውኃ ጨምሮ መወልወል ብዙ ወጪ የለውም። የእጅ መታጠቢያው ከመሥሪያው ክፍል አይራቅ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶ ቅንጦት አይደለም። በየጤና ጣቢያው የምናውቀው የመርፌ መጣያ ሴፍቲ ቦክስም የግድ ያስፈልጋል።

ዋናው ወጪ ዕቃ ማምከኛው ኦቶክሌቭ ነው። በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ይህን መግዛት ያልቻለ ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ መርፌውንም የመርፌውን መያዣም አንዴ ተሠርቶባቸው ከሚጣሉት ይግዛ፣ ደንበኛው ፊትም ይክፈታቸው። ፀጉር ቤት የምናውቃት ሰማያዊ መብራት ያላት ሣጥን ግን ይህን አትተካም። ብርሃኗ ያላረፈበትን የዕቃ ክፍል አትነካውምና።

ጥፋቱን ሁሉ ባለቤቱ ላይ መጫን ግን ተገቢ አይመስለኝም። እኛ ደንበኞች ስንገባ የምናየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ነው። “መርፌው አዲስ ነው?” ብለን ለመጠየቅ ይሉኝታ ይይዘናል። ስለ ኤች አይ ቪ በተማርነው ትምህርት ፀጉር ቤት ገብቶ “ምላጩን ቀይርልኝ” ማለት ነውር መሆኑ ቀርቷል አይደል እንዴ? ታቱ ቤት ስንገባ ምን አፋችንን ያዘው? ደንበኛ ከጠየቀ ባለቤቱም ብሩን የት ማዋል እንዳለበት ይገባዋል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ታቱ ስንጽፍ ክርክራችን ሁልጊዜ “ኃጢአት ነው ወይስ ፋሽን?” የሚል ነው። ክርክሩ ይቀጥል፤ ግን አንድ ቀን እንኳ የኋላውን ክፍል በር አንኳኩተን ዕቃው የት እንደሚታጠብ፣ መርፌው የት እንደሚጣል እንጠይቅ። ሶፋ ለከርሞም ይገዛል፤ የተበላሸ ጉበት ግን ከመርካቶም አይገኝ።

ቸር እንሰንብት።