ድምፅ ያደርሳል እንጂ አያሳይም፡ የጨዋታ አስተላላፊ ብቃት በምን ይመዘን?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ከተማ በፈረስ ኮቴ ትደምቃለች። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ሲያከብር ከአዊ ብሔረሰብ አሥተዳደር ዞን ወረዳዎች የሚመጡ ፈረሰኞች በጉግስ፣ በስግሪያና በግልቢያ ችሎታቸውን ያሳያሉ። በሜዳው ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ትርኢቱን በገዛ ዐይኑ ያያል። በአንከሻ ወይም በዚገም ገጠር ቀበሌ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ከፍቶ የሚያዳምጥ አርሶ አደር ግን ሜዳውን የሚያየው በአንድ ሰው አንደበት ብቻ ነው። ያ ሰው ክንውኑን በቀጥታ የሚያስተላልፈው ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ባለሙያ ብቃት በከተማም በገጠርም ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ድምፁ ነው። «ድምፁ ያምራል»፣ «ጨዋታ ያሞቃል»፣ «ትንፋሹ አይቆረጥም» የተባለለት እንደ ጎበዝ ይቆጠራል። ድምፅ የሙያው መሣሪያ እንደመሆኑ ምስጋናው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንደሚባለው ሁሉ፣ ድምፅም አድማጩን እስከ ሜዳው ዳር ያደርሰዋል እንጂ በሜዳው ላይ የሆነውን አያሳየውም። የሚያሳየው ዕውቀት፣ ዝግጅትና ትክክለኛ ቃል ነው። የአስተላላፊ ብቃትም ሊመዘን የሚገባው በእነዚህ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ ላላየ ሰው ማሳየት መቻል ነው። ይህ ጥያቄ ከሬዲዮ ስርጭት እኩል ዕድሜ አለው። የእንግሊዙ ቢቢሲ በጥር ወር 1919 ዓ.ም የአርሴናልንና የሼፊልድ ዩናይትድን የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ ሲያስተላልፍ፣ ሜዳውን በስምንት ቁጥር የተሰጣቸው አራት ማዕዘኖች የሚከፍል ሥዕል ሬዲዮ ታይምስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳትሞ ነበር። አስተላላፊው ጨዋታውን ሲተርክ ረዳቱ ኳሷ ያለችበትን ክፍል ቁጥር ይጠራል፤ አድማጩም ሥዕሉን ይዞ ይከተላል። አሜሪካዊው የቤዝቦል ጨዋታ አስተላላፊ ሬድ ባርበር ደግሞ ውጤቱን መናገር እንዳይረሳ የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ከፊቱ ያስቀምጥ ነበር። አሸዋው ባለቀ ቁጥር ዘግይቶ ሬዲዮ ለከፈተ ሰው ሲል ውጤቱን ይደግማል። ሁለቱም ዘዴዎች ከድምፅ ማማር ጋር ግንኙነት የላቸውም። የተፈለሰፉት ላላየው ሰው ታስቦ ነው።

ይህንን ወደ ጉግስ ሜዳ ማምጣት ይቻላል። ጉግስ አሳዳጅና ተሳዳጅ ያለበት ጨዋታ ነው፤ አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፣ ተሳዳጁ በጋሻውና በፈረሱ ቅልጥፍና ይከላከላል። አስተላላፊው «እየበረረ ነው! አስደናቂ ነው! ይህ ነው ጀግንነት!» ቢል አድማጩ ስሜቱን እንጂ ድርጊቱን አላገኘም። «ዳማው ፈረስ ከምሥራቅ በኩል ወጣ፤ አሳዳጁ ሁለት ፈረስ ርዝመት ያህል ቀርቶታል፤ ዘንጉን ወረወረ፤ ተሳዳጁ ወደ ግራ ታጥፎ በጋሻው መለሰው» ቢል ግን ቤቱ የተቀመጠው ሰው ሜዳው ዳር ቆመ ማለት ነው። ሁለተኛው አነጋገር ከፍ ያለ ድምፅ አይጠይቅም፤ ማየትንና ማወቅን ይጠይቃል።

ሁለተኛው መለኪያ የሚያስተላልፉትን ነገር ማወቅ ነው። በአዊ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም። ለእርሻ፣ ለጭነት፣ ለመጓጓዣ፣ ለሠርግና ለሐዘን የሚያገለግል የቤተሰብ ሀብት ነው። በመሆኑም የሚያዳምጠው ሕዝብ ከአስተላላፊው ይልቅ ጉዳዩን የሚያውቅ ነው። ሶምሶማን ከስግሪያ፣ ስግሪያን ከግልቢያ ያልለየ፣ ዳማውን ቦራ፣ ቦራውን አምባላይ የሚል፣ ልጓምና እርካብ የሚምታቱበት አስተላላፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር አመኔታ ያጣል። ስግሪያ የሚደነቀው ጋላቢውን ሳይንጥ በለሰለሰ አረማመድ ስለሚሄድ ነው። ይህንን ውበት በፍጥነት የሚመዝን ሰው የውድድሩን ቁም ነገር ስቶታል። እግር ኳስ የሚያስተላልፍ ሰው ከጨዋታ ውጭ የሚባለውን ሕግ ሳያውቅ ማይክሮፎን እንደማይጨብጥ ሁሉ፣ የፈረስ ትርኢት የሚያስተላልፍም የፈረስን አካሄድ፣ ቀለምና ዕቃ ሊያውቅ ይገባል።

ሦስተኛው መለኪያ ስምን በትክክል መጥራት ነው። በሀገራችን ታሪክ ፈረስና ስም የተሳሰሩ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለው ይጠሩ ነበር። ፈረሱን ሰይሞ፣ ገርቶና አስጊጦ የሚያመጣ ፈረሰኛ በሜዳው ላይ «አንድ ፈረሰኛ» ተብሎ ሲታለፍ፣ ዓመቱን ሙሉ ያሰበበት ቀን ያለ ስሙ አለፈ ማለት ነው። በአንጻሩ የክብር እንግዶች ስም ከነማዕረጋቸው አንድ በአንድ ሲዘረዘር ጉግሱ በመሐል ካለፈ፣ ስርጭቱ የበዓሉን ባለቤት ዘንግቷል። የእንግዶች አቀባበል ወግ ነው፤ ቦታው ግን ፈረሰኞቹ ወደ ሜዳ ከመግባታቸው በፊት ነው።

አራተኛው ልክን ማወቅና ሚዛናዊነት ነው። ስሜት ይከለከል ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ዚምባብዌን በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ ደምሴ ዳምጤ ያስተላለፈበት ድምፅ ዛሬም ድረስ በብዙዎች ጆሮ አለ። ያ ስሜት የዘለቀው ከጨዋታው ስለመነጨ ነው፤ በመለያ ምት የአንድ ሀገር ተስፋ በአንድ ምት ላይ ይንጠለጠላል። ከጠዋት እስከ ማታ እኩል የሚጮህ አስተላላፊ ግን እውነተኛው የጭንቅ ሰዓት ሲመጣ ከፍ የሚያደርገው ድምፅ አይተርፈውም። ከአንድ ወረዳ ለመጡ ፈረሰኞች የሚያደላም ከሌላው ወረዳ የመጡትን አድማጮች ያሳዝናል።

በዚህ ላይ ዘመኑ ያመጣው ፈተና አለ። የእንጅባራና የዳንግላ ወጣቶች የአውሮፓን እግር ኳስ በዲኤስቲቪ ቤቶች ይከታተላሉ። የእንግሊዝን ሊግ በአማርኛ መስማትም የሚቻልበት ጊዜ ነው። ነገ ማይክሮፎን የሚጨብጡት ወጣቶች የማስተላለፍን ጥበብ የሚማሩት በአብዛኛው ከዚያ ነው። ፍጥነትን፣ የቃላት ምርጫንና ዝግጅትን ከዚያ መቅሰም መልካም ነው። ነገር ግን እግር ኳስ ሁለት ቡድን፣ አንድ ኳስና የተወሰነ ደቂቃ ያለው ጨዋታ ነው። የፈረስ ትርኢት በርካታ ፈረሰኞች በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበት፣ ዜማና ፉከራ የሚሰማበት፣ ዝምታም የሚያስፈልገው ክንውን ነው። የኮቴው ድምፅ፣ የሕዝቡ እልልታና የፈረሰኛው ፉከራ በራሳቸው ይናገራሉ። ጎበዝ አስተላላፊ ለእነርሱ ቦታ ይለቃል። በቴሌቪዥን ሲሆን ደግሞ ተመልካቹ በዐይኑ ያየውን ከመድገም ይልቅ ምስሉ የማይነግረውን፣ ማለትም የፈረሰኛውን ማንነት፣ የፈረሱን ዕድሜና የእንቅስቃሴውን ምክንያት ማከል ይጠበቅበታል።

ጥፋቱን ሁሉ በአስተላላፊው ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የፈረሰኞች ስም ዝርዝር ሳይሰጠው፣ አቧራና ጩኸት በሞላበት ሜዳ፣ ከርቀት ፈረስን ከፈረስ እንዲለይ የሚጠየቅ ሰው ሊሳሳት ይችላል። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየወረዳው ያሉ የማኅበሩ አደራጆች የፈረሰኛውን ስም፣ ቀበሌውን፣ የፈረሱን ስም፣ ቀለምና ዕድሜ የያዘ አንድ ገጽ ቀድመው ቢያዘጋጁ፣ ፈረሰኞችም ከሩቅ የሚታይ ቁጥር ቢይዙ የስም ችግር በአብዛኛው ይቃለላል። ከጋዜጠኛው ጎን ፈረስ አዋቂ አባት ቢቀመጡ አንዱ ያየውን ሌላው ያብራራል። ከበዓሉ በኋላ ስርጭቱን ከፈረሰኞችና ከአባቶች ጋር ተቀምጦ መልሶ ማድመጥ ደግሞ ከማንኛውም ሥልጠና የማይተናነስ ትምህርት ነው።

የቋንቋው ጉዳይም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስርጭቱ በአማርኛና በአዊኛ ሲቀርብ አንዱ የሌላው ትርጉም ሊሆን አይገባም። በአዊኛ የሚያስተላልፈው ባለሙያ አባቶች ፈረስን የሚገልጹባቸውን ቃላት ካልተጠቀመ፣ ቋንቋው በአየር ላይ ቢውልም ሀብቱ ከቤት አልወጣም።

ነገሩ ከአንድ ቀን ጨዋታ በላይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል የፈረስን የመጓጓዣ ሥራ እየተጋሩ ባሉበት ጊዜ፣ ልጅ ስለ ፈረስ የሚያውቀው በየቀኑ አብሮት ውሎ ሳይሆን በበዓል ቀን ሰምቶ ይሆናል። የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር የተቋቋመ ማኅበር ታሪክም ከአባቶች ትውስታ ቀጥሎ የሚቀመጠው በስርጭት ቅጂ ላይ ነው። ዛሬ በስህተት የተጠራ ስም ነገ በስህተት የተጻፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

የመመዘኑ ሥልጣን በመጨረሻ የአድማጩ ነው። ጥር 23 ሲደርስ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ፊቱን ከምስሉ አዙሮ፣ ሬዲዮ ያለውም ጆሮውን ሰጥቶ ለአምስት ደቂቃ ያዳምጥ። ከዚያ ሜዳውን ካላየ ጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ማን እንደጋለበ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን ፈረስ እንደሆነና ምን እንዳደረገ ይንገረው። መናገር ከቻለ አስተላላፊው ሥራውን ሠርቷል። «በጣም ሞቅ ያለ ነበር» ከማለት ያለፈ ወሬ ካጣ ግን የሰማው ድምፅ ብቻ ነው።