የውሰት ዓይን

ጥበብ የሚማር ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ከሌላ ሰው ይዋሳል። የሸማኔ ልጅ መወርወሪያውን ሲወረውር የምናየው የአባቱን እጅ ነው። የቅኔ ተማሪም ከዋሸራ ተነሥቶ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅም ወደ ዋድላ እየተሻገረ የየመምህሩን መንገድ ይቀስማል፤ «ይህ ልጅ ረግቶ አይቀመጥም» ብሎ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን ቅኔ ሊዘርፍ በቆመ ጊዜ የመምህሩን ቅኔ መልሶ ቢናገር «ይበል» የሚለው አያገኝም።

ፎቶግራፍ ማንሣት የሚማር ወጣትም ነገሩ ይኸው ነው። ባንዱ ሳምንት ሁሉንም ነገር በጥቁርና በነጭ ያነሣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቀለም ካልደመቀ ፎቶግራፍ አይባልም ይላል፤ በሦስተኛው ደግሞ ከመንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያድናል። ባልንጀሮቹም «አቋም የለህም» እያሉ ያፌዙበታል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ወጣት «በርታ» ልንለው እንወዳለን፤ አንድ ማስጠንቀቂያም እናክልበታለን።

ስመ ጥሩዎቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች ራሳቸው በዚህ መንገድ አልፈዋል። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በወጣትነቱ የፒያኖ ተማሪ ነበረ። ፎቶግራፍ ሲጀምርም የዘመኑን ልማድ ተከትሎ፣ ሥራው የቀለም ሥዕል እንዲመስል ለስለስና ደብዘዝ አድርጎ ያነሣ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1927 በዮሰሚቲ ሸለቆ ሀፍ ዶም የሚባለውን ታላቅ አለት ሊያነሣ በወጣ ጊዜ ሁለት የመስተዋት ፊልሞች ብቻ ቀርተውት ነበር። በአንደኛው ላይ በቢጫ ፊልተር አነሣ፤ ወዲያው ግን ሰማዩ ተራ ሰማይ ሆኖ እንደሚወጣና በልቡ የተሰማው ግርማ እንደማይታይበት ተረዳ። ለመጨረሻው ፊልም ቀይ ፊልተር አደረገ። ቀዩ መስተዋት ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚከለክል ሰማዩ ወደ ጥቁረት ተጠግቶ፣ አለቱም ገዝፎ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ የፖል ስትራንድን ኔጋቲቮች ባየ ጊዜ ሙዚቃውን ትቶ ፎቶግራፍን ሙያው ሊያደርግ ቈረጠ። ከአዳምስ የምንማረው፣ መሣሪያውን ከመጫን በፊት ሥዕሉን በልብ መጨረስን ነው።

ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲየ ብረሶን ደግሞ አስቀድሞ በአንድሬ ሎት ዘንድ ሥዕል ተማረ፤ ከዚያም የመስመርንና የቅርጽን ሥርዓት ያዘ። ኋላ ሀንጋሪያዊው ማርቲን ሙንካቺ ያነሣውን፣ ሦስት አፍሪካውያን ልጆች ወደ ማዕበል ሲሮጡ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አየ፤ ያ ፎቶግራፍ ልቡን አነሣሣው። በ1932 ላይካ የተባለችውን ትንሽ ካሜራ ይዞ ጎዳና ለጎዳና ይዞር ጀመር። ከሥዕል መምህሩ ሥርዓትን፣ ከሙንካቺ ሩጫን ወሰደ፤ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ከሁለቱም የማይቈጠር ሦስተኛ ነገር ተወለደ።

ሦስተኛው መምህር በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ የነበረው ሴይዱ ኬይታ ነው። በ1948 ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ከደንበኞቹ ጀርባ የሚዘረጋው መጋረጃም መጀመሪያ የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። ደንበኛው ምርጥ ልብሱን ለብሶ ይመጣል፤ የጐደለው ቢኖር ኬይታ ኮት፣ የእጅ ሰዓት ወይም ራዲዮ ያውሰዋል። በዚያ ፎቶ ቤት የሚነሣው ሰው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ይጠየቅ ነበር፤ ትልቁ ትምህርትም ይህ ነው።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያችን ወዲህ ነው። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የእጅ አሠራር መዋስ ጕዳት የለውም፤ ዓይን መዋስ ግን ያሰጋል፤ ዓይን ከብርሃንና ከመስመር ጋር ፍርድም ይዞ ይመጣልና። በ1977 ዓ.ም. ስለ ደረሰው ረኃብ በውጭ ሰዎች የተነሡት ፎቶግራፎች እውነት ነበሩ፤ ብዙ እርዳታም አምጥተዋል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ለረዥም ጊዜ ብዙ የውጭ ሰው ኢትዮጵያን ያወቃት በዚያ ሥዕል ብቻ ነው። ያንን የተዋሰ የአገሩ ተማሪ ካሜራውን አንሥቶ ወደ ገጠር ሲወጣ የተሰነጠቀ እግርና ዝንብ ያረፈበት የሕፃን ፊት ብቻ ይፈልጋል። ውሸት አላነሣም፤ ነገር ግን ያየው እሱ አይደለም፤ አስቀድሞ ታይቶለታል። የሕፃኑን ስም፣ የሚወደውን ጨዋታ፣ እናቱ ስትጠራው የሚሰጠውን መልስ አልጠየቀም። እንዲህ ሲሆን የሚጐዳው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ የተነሣውም ሰው ይጐዳል።

ከውሰት ዓይን ወደ ገዛ ዓይን መመለስ እንደሚቻል የአይዳ ሙሉነህ ሥራ ምስክር ነው። አይዳ በ1974 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በዋሽንግተን ከሚገኘው ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ተመርቀው በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በዜና ፎቶግራፍ ሠሩ። ኋላ ግን ዜናውን ብቻ ይዘው አልቀሩም፤ ሴቶችን ፊታቸውን ቀለም ቀብተው፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ ደማቅ ልብስ አቁመው ማንሣት ያዙ። በ2016 ላሳዩት ሥራቸው ስም ያወጡለት አያታቸው ይሉት ከነበረው፣ ዓለም ዘጠኝ ናት ከሚለው የአገራችን ብሂል ነው። በ2018 ስለ ውኃ ችግር የሚናገረውን ሥራቸውን በአፋር በዳሎል ሲያነሡም የተለመደውን የጥማት ሥዕል አልደገሙም። ችግሩን አልሸሸጉም፤ የሚናገሩበትን ቋንቋ ግን ራሳቸው መረጡ።

አንባቢ ሆይ፤ ተማሪም ብትሆን፣ ከእሑድ በቀር ዕረፍት የሌለህ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊም ብትሆን፣ ይህን ለመሞከር ውድ ካሜራ አያስፈልግህም። በኪስህ ያለው ስልክ ይበቃል፤ ብቻ ሺህ ጊዜ ማንሣት ስለምትችል ሺህ ጊዜ አታንሣ፤ እንደ አዳምስ ጥቂት ብቻ እንደ ቀሩህ ቍጠር። እናትህ ቡና ስታፈላ አራት ፎቶግራፍ አንሣ።

አንደኛውን እንደ አዳምስ፦ ብርሃኑ በመስኮት እስኪገባ ጠብቅ፤ ጀበናውም፣ ረከቦቱም፣ ጭሱም እንዴት እንደሚወጡ አስቀድመህ በልብህ ወስን። ሁለተኛውን እንደ ካርቲየ ብረሶን፦ ጥግ ይዘህ ተቀመጥ፤ ቡናው ከጀበናው ወደ ስኒው የሚወርድባትን ቅጽበት አድፍጠህ ያዝ። ሦስተኛውን እንደ ኬይታ፦ «እማዬ፣ እንዴት ሆነሽ ላንሣሽ?» ብለህ ጠይቃት። ምናልባት ተነሥታ ነጠላዋን ትለውጣለች፤ ፀጕሯን ታስተካክላለች፤ ወይም የአባትህን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርዳ በእጅዋ ትይዛለች። ያን ጊዜ የማታውቃትን እናትህን ታያለህ።

አራተኛውን ስታነሣ ሦስቱንም መምህራን አሰናብት። ጎረቤት ከሄደ በኋላ በረካውን ብቻዋን ስትጠጣ ወዴት እንደምትመለከት፣ ስኒውን በየትኛው እጅዋ እንደምትይዝ፣ ስታስብ ጣቷ ምን እንደሚነካ የሚያውቅ መምህር በፓሪስም በባማኮም የለም፤ የምታውቀው አንተ ነህ። አራተኛው ፎቶግራፍ ከሦስቱ ያነሰ ቢመስልህ አትደንግጥ፤ በሚቀጥለው እሑድም ድገመው።

እስከዚያ ድረስ ባልንጀሮችህ «አቋም የለህም» ቢሉህ አትቈጣ። ተዋሽ ነኝ በላቸው፤ ብቻ የተዋስኸውን ለባለቤቱ መመለስ አትርሳ።