ቴሌቪዥን ይገዛ ወይስ ካሴት ይሰብሰብ?

የኅብረታችን ቅርንጫፍ የሆነው የብቸናና የሞጣ ልጆች ክበብ ከአባላቱ መዋጮ ያጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ እንዳለው አንባብያን ያውቃሉ። በመጪው ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤው በዚህ ገንዘብ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ከቀረቡት ሐሳቦች ብዙ ደጋፊ ያገኘው፣ ሰፊ ቴሌቪዥን ተገዝቶ በአውሮጳ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ዝነኛ ተከታታይ ድራማዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል እየታዩ ውይይት ይደረግባቸው የሚለው ነው። ዝግጅት ክፍላችን ሐሳቡን አይንቀውም፤ ነገር ግን አይደግፈውም። ምክንያታችንንም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ልናስታውቅ ይገባናል።

የደጋፊዎቹ ማስረጃ ቀላል አይደለም። በኅዳር 1973 «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ፣ ጄ. አር. የተባለውን ከበርቴ ማን እንደ ተኮሰበት የገለጸበትን ክፍል በዚያው አገር 83 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል፤ ሕዝቡ መልሱን ከመጋቢት ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ ሲጠብቅ ነበር። በየካቲት 1975 ደግሞ በኮርያ ጦርነት ስለ ነበሩ የጦር ሐኪሞች የሚናገረው «ማሽ» ሲያበቃ የመጨረሻውን ክፍል ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። (ሦስት ዓመት የፈጀው ጦርነት በድራማ ዐሥራ አንድ ዓመት መቆየቱ ያስገርማል፤ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የዋሉበትን ያን ሜዳ እኛ ለልጆቻችን ስንት ቀን ተረክንላቸው?) አገርን በሙሉ በአንድ ሌሊት አንድ ጥያቄ የሚያስጠይቅ ሥራ ጥናት የሚገባው መሆኑን አንክድም።

ነገር ግን «የሰማንያዎቹ ድራማ» ስንል የማን ሰማንያ ማለታችን ነው? በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው፤ የቀለም ሥርጭት የመጣው በ1977 መባቻ፣ በኢሠፓ ምሥረታ ሰሞን ነው። የአዲስ አበባ ልጅ አባባ ተስፋዬ በመስኮቱ ብቅ ብለው ተረት ሲነግሩት አድጓልና ናፍቆቱ እውነተኛ ናፍቆት ነው። በብቸናና በሞጣ ግን፣ ወላጆቻችን እንደሚነግሩን፣ በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ለአብዛኛው ቤት ወሬ ብቻ ነበር። የነበራቸው ራዲዮ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ማታ ያህል ይናገራል። ያችንም ማታ ለዜና የሚያባክናት አልነበረም ይባላል።

ምክንያቱም በ1970ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅቱ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ክፍል በክፍል ያሰማ ነበር። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ግን ብዙው የአገራችን ሰው ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የተዋወቃቸው በጆሮው ነው። ወጋየሁ ለፊታውራሪ መሸሻ አንድ ድምፅ፣ ለጉዱ ካሣ ሌላ ድምፅ ነበረው። ለብቸና ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀረበ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸምባት ዲማ ለብቸና ጎረቤት ናት፤ ደራሲው ራሳቸው የተማሩባት፣ ቅኔ የሚዘረፍባት ዲማ ጊዮርጊስ። የዳላስን የእርሻ ቤት ያየ አሜሪካዊ ቦታውን በካርታ ይፈልግ ይሆናል፤ የእኛ ሰው ግን በበዓል ቀን የሚሳለምበትን ደብር ስም ከአዲስ አበባ ተልኮለት ከሣጥን ውስጥ ሲጠራ ሰማ።

ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን ከሞጣ አንድ አሮጌ ካሴት ይዞ መጣ። አጎቱ ቴፑን ከራዲዮው አጠገብ አስቀምጦ የቀዳው ነው። አብረን ሰማነው። ንባቡ በመካከል ይዳከማል፣ ይመለሳል። ከጀርባው ግን ሌላ ነገር አለ። ሕፃን ያለቅሳል፤ አንዲት ሴት «ዝም አሰኙት እንጂ!» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ በዛብህን ምክር ይመክሩታል፤ እንደሚሰማቸው ሁሉ ስሙን እየጠሩ። ቀጥሎም አንዱ «ይህ የሚያነበው ሰው ዲማን ረግጦ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቤቱ ይስቃል፤ የሚቀጥሉት ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች በሳቁ ይዋጣሉ። ከዚያም ካሴቱ ድንገት ተቋርጦ የሠርግ ዘፈን ይጀምራል። በላዩ ተቀድቶበታል።

አንድ የምናከብራቸው መምህር ይህን ነግረናቸው «ንባቡ በኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለም እንዴ፤ ለምን ትደክማላችሁ?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ንባቡ አለ። የሌለው ቤቱ ነው። ልብ ወለዱ ስለ ጎጃም ምን እንዳለ ብዙ ተጽፏል፤ ጎጃም ልብ ወለዱን ሲሰማ ምን እንዳለ ግን ያለው በእነዚያ ካሴቶችና በአረጋውያኑ ትዝታ ላይ ብቻ ነው። ካሴት ደግሞ አይቆይም፤ ሙቀትና እርጥበት ክሩን ያበላሸዋል፣ ካልተበላሸም ዘፈን ይቀዳበታል። በሠለጠነው ዓለምም ቢሆን የእንግሊዙ ቢቢሲ የ«ዶክተር ሁ» ድራማውን የመጀመሪያ ዓመታት ሥራ አጥፍቶ እስከ ዛሬ ከ90 የሚበልጡ ክፍሎች ሥዕላቸው አልተገኘም። ድምፃቸው ግን ተርፏል። ያተረፈውም ድርጅቱ አይደለም፤ በየቤታቸው ቴፕ ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው የቀዱ ተመልካቾች ናቸው፤ ልክ እንደ ሞጣው አጎት።

ስለዚህ በበኩላችን ገንዘቡ አንድ ደኅና የካሴት ማጫወቻና ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር የሚያሳልፍ ገመድ ይገዛበት፤ የቀረው ለመጓጓዣ ይሁን እንላለን። ለዕረፍት ወደ ብቸና፣ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ወደ ሞጣ የሚሄድ አባል ሁሉ የቤተ ዘመዱን ካሴት ይጠይቅ፤ የት፣ በማን ቤት እንደ ተቀዳ ይጻፍ፤ ከገለበጠ በኋላ ዋናውን ለባለቤቱ ይመልስ። ሽማግሌና እናቶችን ካሴት አስረክቡ ማለት ነውር ነው። ቅጂው ለጥናት ይቀመጣል እንጂ አይሸጥም፣ በኢንተርኔትም አይለቀቅም፤ የድርሰቱም የንባቡም መብት ባለቤት አለው፤ በካሴቱ ላይ የሚስቁት ሰዎችም ፈቃዳቸው አልተጠየቀም።

ቴሌቪዥኑን የሚደግፉ ጓደኞቻችን በሚቀጥለው እትም መልስ ቢሰጡን ይህንኑ ያህል ቦታ እንለቅላቸዋለን። የሞጣው ካሴት እስከ ቅዳሜ በጸሐፊው እጅ ይገኛል፤ መስማት የሚፈልግ አባልም መምህርም ከእራት በኋላ መምጣት ይችላል። ማጫወቻው የተዋስነው ስለ ሆነ እሑድ ይመለሳል።