ያልተለካ ዜሮ አይደለም

እንደሚታወቀው በሀገራችን አስታማሚ ሐኪሙን በቅድሚያ የሚጠይቀው «ይድናል ወይ?» ብሎ ነው። ሐኪሞችም በግምት ብቻ ላለመመለስ የነጥብ አሰጣጥ ዘዴዎች አሏቸው። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ቆሽት ምን አገባው እንዳትሉኝ፤ ቁጥር ሕዝብን በሚነካበት ቦታ ሁሉ እኛንም ያገባናል።

ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሐሞት ጠጠር ወይም በአልኮል ምክንያት ነው። አብዛኛው ታማሚ በቀናት ውስጥ ያገግማል፤ የአንዳንዱ ግን ሳንባውና ኩላሊቱ ሥራ እስከማቆም ይደርሳል። ችግሩ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው እያቃሰቱ መምጣታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የራንሰን መስፈርት 11 ነጥቦች አሉት፤ 6ቱ የሚሟሉት ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። ከጀሞ ወይም ከሃና ማርያም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላክ አይላክ ለሚባል ሰው ሁለት ቀን ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበው ቢሳፕ በመጀመሪያው 24 ሰዓት 5 ነገሮችን ብቻ ያያል፦ በደም ውስጥ ያለ የዩሪያ ናይትሮጅን መጨመር፣ የአእምሮ መደናገር፣ በትኩሳት፣ በልብ ምት፣ በአተነፋፈስና በነጭ የደም ሴል የሚታወቅ አጠቃላይ የሰውነት መቆጣት፣ ከ60 በላይ የሆነ ዕድሜና በሳንባ ዙሪያ ውሃ መቋጠር።

እኔ ቢሳፕን እደግፋለሁ። ግን አንድ ነገር ያሰጋኛል። ዕድሜ መጠየቅና ትንፋሽ መቁጠር የትም ይቻላል፤ ላቦራቶሪና ራጅ ግን በሁሉም ቦታና ሰዓት አይገኙም። ያልተለካው ሁሉ ዜሮ ተብሎ ከተጻፈ፣ በጠና የታመመ አባት «1 ነጥብ ብቻ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችላል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «አለ» እና «የለም» ብቻ ሳይሆን «አልተለካም» የሚል ሦስተኛ ሳጥንም ይኑር። እሱ ከተሞላ ታማሚው ቶሎ ሪፈር ይባል።

«ዘዴው የፈረንጅ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የተሠራው ከአሜሪካ ሆስፒታሎች መረጃ በመሆኑ እዚህም መፈተሽ አለበት። ግን እኮ በዓይን ግምት መሸኘትም የተፈተሸ ዘዴ አይደለም!

ደግሞ 5 ነጥብ የሞት ፍርድ አይደለም። በመጀመሪያው ጥናት ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት የሞቱት ከ100 አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ከፍተኛውን ካገኙት ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ ሞተዋል። ይህ ማለት አብዛኞቹ ድነዋል ማለት ነው። ነጥቡ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች ነው፤ አልጋው ላይ የተኛው ግን አንድ ሰው ነው። ነገ የጤና ዜና የምንጽፍ እኛ ይህን ካልለየን፣ አስታማሚው ከማን ይስማ?